ከባንክ ነገረ ፈጅነት ወደ ክሪፕቶ ኩባንያ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሕግ ባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰንጋ ተራ ከሚገኙት ባንኮች በአንዱ የሕግ አገልግሎት መምሪያ ውስጥ በነገረ ፈጅነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የብድርና የመያዣ ውሎችን አዘጋጃለሁ፣ ልደታ እየተመላለስኩ እከራከራለሁ፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው ሕግ በባንኩ ውስጥ መፈጸሙን በሚከታተለው ክፍል ተመድቤ እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ መቀመጫውን ውጭ አገር ያደረገ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ኩባንያ በርቀት የሚሠራ ከፍተኛ የሕግ አማካሪ እንደሚፈልግ ነግሮኝ ማመልከቻ አስገባሁ፤ እስካሁንም ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አነጋግረውኛል። የደመወዙ ከፊል በዶላር፣ ከፊሉ ደግሞ ኩባንያው ራሱ በሚያወጣው ቶከን፣ ማለትም ዲጂታል ሳንቲም፣ እንደሚከፈል አስረድተውኛል። ባለቤቴ ግን «ሥራውን ለእናትሽ እንኳ ማስረዳት የማትችይው መሥሪያ ቤት ምን ይሉታል?» እያለ ይሞግተኛል።

በዚህ ዘርፍ ከፍተኛ የሕግ ባለሙያ የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? የእኔ የባንክ ልምድ እዚያ ይቆጠርልኛልን? ቶከኑንስ ልቀበል? አገራችን በክሪፕቶ መገበያየትን ሳትፈቅድ እኔ እዚህ ተቀምጬ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ብሠራስ ስሜንና ሙያዬን አደጋ ላይ እጥል ይሆን?

ቤ.፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ

መልስ፦

ወይዘሮ ቤ.፣ ከባለቤትዎ ሙግት ልጀምር፤ ከአራቱም ጥያቄዎችዎ ይልቅ ወደ ነገሩ ልብ የሚያደርሰን እሱ ነውና። ለእናትዎ «ሰዎች በአደራ ያስቀመጡት ነገር አደራ ሆኖ እንዲቆይ የምትጠብቅ ሠራተኛ ልሆን ነው» ቢሏቸው ብዙም አልዋሹም። «የክሪፕቶ ጠበቃ» የሚለው አጠራር እኔን ብዙም አይጥመኝም፤ በስልክ ስለተደረገ ውል የሚከራከረውን ሰው «የስልክ ጠበቃ» ብለነው አናውቅም። በዚህ ዘርፍ የሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ እኛ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው፤ ንብረቱ የማን ነው፣ ውሉ ምን ይላል፣ ገንዘብ የተቀበለው ሰው ሲከስር ማን ቀድሞ ይከፈለዋል የሚሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ሴልሲየስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሰዎች ክሪፕቷቸውን እሱ ዘንድ እያስቀመጡ ወለድ እንዲያገኙ ሲጋብዝ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 መክሰሩን አስታወቀ። ደንበኞቹ «ያስቀመጥነውን ይመልስልን» አሉ። በኒውዮርክ የኪሳራ ጉዳዮችን የሚያየው ፍርድ ቤት ዳኛ ማርቲን ግሌን በጃንዋሪ 2023 በሰጡት ውሳኔ ግን ወለድ በሚከፈልባቸው 600 ሺህ ያህል ሒሳቦች ውስጥ የነበረው፣ ግምቱ 4.2 ቢሊዮን ዶላር የሆነ ሀብት የኩባንያው ነው አሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ደንበኛ በስልኩ ላይ «እስማማለሁ» ብሎ ተጭኖ ያለፈው የአጠቃቀም ውል ባለቤትነቱ ወደ ኩባንያው እንደሚተላለፍ በግልጽ ይናገር ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። ደንበኞቹ አደራ ያስቀመጡ መስሏቸው ነበር፤ በሕግ ዓይን ግን አበድረዋል፤ ስለዚህም መያዣ ከሌላቸው ባለገንዘቦች ጋር ወረፋ ያዙ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አደራንና የገንዘብ ብድርን ለየብቻ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አደራ የተቀበለ ያንኑ ዕቃ ይመልሳል፣ የተበደረ ግን የዕቃው ባለቤት ሆኖ አምሳያውን ይመልሳል። እርስዎም በባንክዎ ውስጥ በቁጠባ ሒሳብና ደንበኛው ቁልፉን ይዞ በሚሄድበት የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን መካከል ያለውን ይህንኑ ልዩነት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖረዋል።

ያቺን አንቀጽ ያረቀቀ የሕግ ባለሙያ አለ። በክሪፕቶ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ነገረ ፈጅ መሆን ማለት ከሁሉ በፊት እንዲህ ያለችውን አንቀጽ ማርቀቅ፣ ካረቀቁም በኋላ የኩባንያው ማስታወቂያ ከውሉ ጋር የሚቃረን ነገር እንዳይናገር መጠበቅ ነው። ማስታወቂያው «ገንዘብዎ የእርስዎ ነው» እያለ ውሉ «የእኛ ነው» ካለ አንድ ቀን ሁለቱም ወረቀቶች ዳኛ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ወደ ልምድዎ ልለፍ። በዚህ ዘርፍ አናት ላይ የደረሱ የሕግ ሰዎችን የሥራ ታሪክ ያገላበጠ ሰው የኮምፒውተር ሊቃውንትን አያገኝም፤ የባንክ ነገረ ፈጆችን፣ ዳኞችንና የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሹሞችን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሪፕል የተባለው የክሪፕቶ ኩባንያ የሕግ ኃላፊ የሆኑት ስቱዋርት አልደሮቲ ከዚያ በፊት በኤችኤስቢሲ የሰሜን አሜሪካ ድርጅትና ሲአይቲ በተባለ የፋይናንስ ተቋም ዋና ነገረ ፈጅ ነበሩ። ኮይንቤዝ በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በ2020 ዋና የሕግ ኃላፊነቱን የተረከቡት ፖል ግሬዋል በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዳኝነት አገልግለው፣ ፌስቡክንም አልፈው ነው የመጡት። ከእሳቸው በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት ብራያን ብሩክስ ደግሞ ከፋይናንስ ተቋም ወደ ኮይንቤዝ፣ ከኮይንቤዝ የአሜሪካን ብሔራዊ ባንኮች ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በተጠባባቂ ኃላፊነት ተሻገሩ፤ ከዚያም የክሪፕቶ መገበያያውን የባይናንስን የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 በሥራ አስኪያጅነት ተረክበው በሦስት ወራቸው ለቀቁ። ይህን የመጨረሻውን የጠቀስኩት ለሐሜት አይደለም፤ በዚህ ዘርፍ ወንበር ቶሎ እንደሚያገኙት ሁሉ ቶሎ ሊለቁትም እንደሚችሉ እንዲያስቡበት ነው። ኮይንቤዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ገበያው ሲወድቅ በአንድ ጊዜ 18 በመቶ ሠራተኞቹን አሰናብቷል።

አልደሮቲን ካነሣሁ ስለ ሪፕል ክርክር ጥቂት ማለት አለብኝ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ «ከፍተኛ» የሚለው ቅጽል ምን እንደሚጠይቅ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅምና። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሪፕልን በዲሴምበር 2020 የከሰሰው ኤክስአርፒ የተባለውን ቶከን እንደ አክሲዮን ባለ ሰነደ ሙዓለ ንዋይነት መመዝገብ ሲገባው ሳያስመዘግብ ለሕዝብ ሸጧል በሚል ነበር። ክርክሩ የተንጠለጠለው ደግሞ በ1946 በተሰጠ የብርቱካን እርሻ ፍርድ ላይ ነው። ሃዊ የተባለው የፍሎሪዳ ኩባንያ የብርቱካን ማሳውን በረድፍ በረድፍ እየቆራረጠ ይሸጣል፤ ገዢዎቹ አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ፣ ብርቱካን ለቅመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ መሬቱን መልሰው ለሻጩ እኅት ድርጅት ያከራዩታል፣ ድርጅቱ ይንከባከባል፣ ይለቅማል፣ ይሸጣል፣ ትርፉን ያካፍላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ የመሬት ሽያጭ ሳይሆን የኢንቨስትመንት ውል ነው አለ፤ ሰዎቹ ገንዘባቸውን በጋራ ሥራ ላይ አውለው ከሌላ ሰው ድካም ትርፍ ይጠብቃሉና። ከ77 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2023፣ ዳኛ አናሊሳ ቶረስ ያንኑ መመዘኛ ይዘው አንዱን ቶከን ለሁለት ከፈሉት፤ ሪፕል ለትልልቅ ተቋማት በውል በቀጥታ የሸጠው የኢንቨስትመንት ውል ነው፣ ሻጭና ገዢ በማይተዋወቁበት የመገበያያ መድረክ ላይ የሸጠው ግን አይደለም አሉ። ኮሚሽኑ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጠይቆ በኦገስት 2024 የተወሰነለት 125 ሚሊዮን ነው፤ ይግባኙም በ2025 ተቋጨ። አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሙግት ነው። አንድ ከፍተኛ ነገረ ፈጅ ስለ ቶከን ሲጠየቅ «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለማን፣ እንዴት፣ ምን እየተባለ ተሸጠ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል ላሉት፣ የሥራው ዋና ክፍል ማስታወሻ መጻፍ ነው። የንግድ ክፍሉ ሰዎች አንድ አዲስ ቶከን በመድረኩ ላይ እንዲሸጥ ይፈልጋሉ፤ ሁልጊዜም ለነገ ጠዋት ይፈልጉታል። ነገረ ፈጇ ቶከኑን ማን እንዳወጣው፣ መሥራቾቹ ምን ያህሉን ለራሳቸው እንዳስቀሩ፣ ለገዢዎች ምን ቃል እንደተገባ፣ በየትኛው አገር ያሉ ሰዎች እንደሚገዙት መርምራ አስተያየቷን በጽሑፍ ታኖራለች፤ ያ ጽሑፍ ከአምስት ዓመት በኋላ በተቆጣጣሪ እጅ ሊገባ እንደሚችል እያወቀች። ከዚህ ሌላ ከየአገሩ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ «የእገሌን ሒሳብ አግዱ፣ የእገሊትን መረጃ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይጎርፋል፤ የትኛው ደብዳቤ ትእዛዝ ነው፣ የትኛው ልመና ነው የሚለውን መለየት ለእርስዎ አዲስ አይሆንም። የቀረው የፈቃድ ማመልከቻ፣ የውጭ ጠበቆችን ሒሳብ መቆጣጠርና ስብሰባ ነው፤ በስብሰባው አላሰለችዎትም።

ከልምድዎ ሁሉ ዋጋ የሚያወጣልዎት ግን ያለፉት አራት ዓመታት ነው። ባይናንስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጥፋቱን አምኖ 4.3 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያስገደደው ጉዳይ ረቂቅ የቴክኖሎጂ ጥያቄ አልነበረም፤ ደንበኛውን የማወቅና አጠራጣሪ ዝውውርን የማስታወቅ ግዴታውን አለመወጣቱ ነበር። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 780/2005 የተደነገገው ግዴታ ማለት ነው። እርስዎ ባንክ በገቡበት ጊዜ አካባቢ አገራችን በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ወንጀል ተከላካይ ግብረ ኃይል ግራጫ መዝገብ ላይ፣ ማለትም ጥብቅ ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ሰፍራ፣ ከዚያም በ2019 እ.ኤ.አ. መውጣቷን ያስታውሳሉ፤ በዚያው ዓመት ይኸው ግብረ ኃይል የክሪፕቶ ኩባንያዎችም እንደ ባንክ የላኪና የተቀባይን ማንነት ከዝውውሩ ጋር አብረው እንዲያስተላልፉ ወሰነ። ባንኮቻችን ያንን ፈተና ሲያልፉ ቅጽ እየሞሉና እያስሞሉ የሠሩ ሰዎች ዛሬ ሌላው ዓለም የሚፈልገውን ሙያ በእጃቸው ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ግን ይህን አያውቁትም። ቃለ መጠይቁ ላይ የክሪፕቶ ዝውውር ስለሚመዘገብበት ዲጂታል መዝገብ፣ ስለ ብሎክቼይን፣ ያነበቡትን ከመደርደር ይልቅ አንድ አጠራጣሪ ዝውውር እንዴት እንደያዙ፣ የደንበኛውን ስም ሳይጠሩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገሯቸው።

የሚጎድልዎት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ዝውውሩን ራሱን የማንበብ ልምድ ሲሆን፣ ለዚህ አንዲት ሳንቲም መግዛት አያስፈልግዎትም፤ የቢትኮይን መዝገብ ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ያለው በሙሉ ለማንም ክፍት ነው። ሁለተኛው የውጭ አገር የጥብቅና ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ፈቃድ ስለ ኒውዮርክ ሕግ አስተያየት ለመስጠት አያበቃም፤ እንደኛ ካለ የሕግ ሥርዓት የመጣ ሰው የኒውዮርክን ፈተና ለመቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የማስተርስ ትምህርት እንዲወስድ ይጠየቃል። የእንግሊዝ መንገድ ከ2021 ወዲህ ለውጭ አገር ጠበቆች ቀለል ብሏል። ወደ አሜሪካ ብቻም አይመልከቱ፤ ዱባይ በ2022 ለዚሁ ዘርፍ ብቻ የቆመ ተቆጣጣሪ አቋቁማለች፣ ደቡብ አፍሪካ ፈቃድ ትሰጣለች፣ ናይጄሪያና ኬንያም በ2025 ሕግ አውጥተዋል። ሕግ በወጣበት ሁሉ የሕግ ሰው ይፈለጋል።

አሁን ስለ ከባዱ ሰዓት ልንገርዎት። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኖቬምበር 2022 ሲንኮታኮት ከደንበኞች አደራ ሰባት ቢሊዮን ዶላር ያህል ጎድሎ ተገኘ። የኩባንያው ዋና ነገረ ፈጅ ከዓመት በኋላ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር፣ በእነዚያ ቀናት አለቃው ሳም ባንክማን ፍሪድ ለጉድለቱ ሕጋዊ ምክንያት እንዲፈልግለት እንደጠየቀው፣ እሱም ፈልጎ እንዳጣ፣ የገንዘቡን አካሄድ እንደተረዳም ሥራውን እንደለቀቀ ተናገረ። አለቃው በማርች 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስለዚህ እኅቴ፣ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ እርስዎም ይጠይቋቸው፤ የደንበኞች ንብረት ከኩባንያው ንብረት ተለይቶ የሚቀመጠው የት ነው፣ ማን ያየዋል፣ እኔስ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ በቀጥታ ለዳይሬክተሮች ቦርድ ሪፖርት ማድረግ እችላለሁን? መልሱ ላይ ከተንተባተቡ ደመወዙን አይስሙ።

በቶከኑ ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ አይቀበሉ። ስለ አንድ ቶከን ሕጋዊነት አስተያየት የሚጽፍ ሰው የቶከኑ ዋጋ ሲወጣ ኪሱ የሚሞላ ከሆነ አስተያየቱን ማን ያምነዋል? ወደ ብር ልቀይረው ቢሉም እዚህ አገር ሕጋዊ በር የለዎትም። እምቢ ካሉ ሥራው የሚያመልጥዎት ከሆነና የግድ መቀበል ካለብዎት፣ ለተወሰኑ ዓመታት የማይሸጥ እንዲሆንና ያንን ቶከን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ከስብሰባው እንዲወጡ በውሉ ይጻፍ።

ስለ አገራችን ሕግ ላቀረቡት ስጋት መልስ ከመስጠቴ በፊት የራሴን አንድ ገጠመኝ ላንሣ። ባለፈው ዓመት ልደታ አካባቢ ወደሚገኘው ቢሮዬ አንድ ወጣት አርባ ገጽ ያህል የታተመ የቴሌግራም ምልልስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የአንድ መስመር ደብዳቤ በፌስታል ይዞ መጣ። ዩኤስዲቲ የሚባለውን፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ቶከን በቴሌግራም ለተዋወቀው ሰው ሸጦ ብሩ ሒሳቡ ውስጥ ገባለት፤ በስምንተኛው ቀን ሒሳቡ ታገደ፤ ለካ ገዢው የላከለት ብር ከሌላ ሰው ተጭበርብሮ የተወሰደ ኖሯል። ገዢው ማን ነው ብዬ ስጠይቀው ቅጽል ስምና የአንበሳ ሥዕል አሳየኝ። አቤቱታውን መጻፍ ጀምሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። «ደንበኛዬ ለገዢው ያስተላለፈው» ካልኩ በኋላ ምን ልበል? «ገንዘብ» ብል ብሔራዊ ባንክ የማያውቀውን ገንዘብ ነገደ ማለቴ ነው። «የውጭ ምንዛሪ» ብል ያለ ፈቃድ መመንዘሩን በገዛ ብዕሬ ማመኔ ነው። «ዕቃ» ብል ዳኛው «ዕቃው የታለ?» ይሉኛል። ሦስቱንም ጻፍኩ፣ ሦስቱንም ሰረዝኩ፤ በመጨረሻ «ግዙፍነት የሌለው፣ በገንዘብ ሊተመን የሚችል ሀብት» ብዬ አለፍኩ። ጉዳዩ ከተጭበረበረው ሰው ጋር በስምምነት ስላለቀ ዳኛው ያቺን ሐረግ ምን እንደሚሏት ሳላይ ቀረሁ።

ሕጉ ያለበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አቀረበ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የተከለከለው ግብይቱ እንጂ ሕጉን ማወቅና ስለ ሕጉ መምከር አይደለም። አደጋው የሚመጣው ኩባንያው በኢትዮጵያ ውስጥ ደንበኛ መሰብሰብ ከጀመረና እርስዎ የአዲስ አበባ ወኪሉ መስለው ከታዩ ነው። «የሥራ ድርሻዬ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሰጥ አገልግሎትን አያካትትም» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ከባንኩ ሳይለቁ በትርፍ ሰዓት እሠራዋለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት ይተዉት፤ የደንበኞች ምሥጢር የሚጠበቅበትን ጠረጴዛና ይህንን ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም። ግብርን በተመለከተም ከደመወዝዎ ቀንሶ ገቢ የሚያደርግልዎ አሠሪ አገር ውስጥ ስለማይኖር የማስታወቁ ግዴታ ወደ ራስዎ ይመጣል።

ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገሮች ይመልከቱ። ኩባንያው ለኃላፊዎቹ በገባው የኃላፊነት መድን ውስጥ ስምዎ መካተት አለበት፤ አለበለዚያ ክስ ሲመጣ የጠበቃ ወጪው የእርስዎ ነው። አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል ካለም ቦታውን ያንብቡ፤ አገራችን የውጭ አገር የግልግል ፍርዶች የሚፈጸሙበትን የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ስለተቀበለች አዲስ አበባ ላይ ቢደረግ ውጤቱ ውጭም ሊፈጸም ይችላል፤ ውዝፍ ደመወዝ ለማስመለስ አንድ ደሴት ድረስ መጓዝ አይጠበቅብዎትም።

ጥያቄ፦

ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው የቢትኮይን ማይኒንግ (በኮምፒውተር ማሽኖች ቢትኮይን የማምረት) ኩባንያ ነገረ ፈጅ ነኝ። ይህ ልምድ በክሪፕቶ ዘርፍ ከፍተኛ የሕግ ባለሙያ ያሰኘኛል?

መልስ፦

በከፊል። እርስዎ በየቀኑ የሚያነቡት የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውል፣ የጉምሩክ ሰነድና የኢንቨስትመንት ፈቃድ ነው፤ አደራ የሰጠ ደንበኛ የለዎትም፤ ስለዚህ ከላይ ለወይዘሮ ቤ. ከጻፍኩት አብዛኛው አይመለከትዎትም። ነገር ግን ልምድዎን አያቃልሉት። አገራችን ግብይቱን ሳትፈቅድ ማሽኖቹን መፍቀዷ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለእነዚህ ኩባንያዎች በውጭ ምንዛሪ መሸጡ፣ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በ2016 ዓ.ም. ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ አካል ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነት መፈረሙ ሌላው አገር የማያውቀውን ዓይነት ክርክር አምጥቷል። ኃይል ሲቋረጥ ኪሳራው የማን ነው? ታሪፉ ቢለወጥ፣ ፈቃዱ ባይታደስ፣ ማሽኖቹ አገር ውስጥ ቢቀሩ ምን ይሆናል? እነዚህን አንቀጾች ተደራድረው የሚያውቁ ከሆነ በሥራ ታሪክዎ ላይ «ክሪፕቶ» የሚለውን ቃል ዝቅ፣ «ኢነርጂ» የሚለውን ከፍ አድርገው ይጻፉ፤ የኃይል ውል የሚያውቅ ሰው ክሪፕቶ ቢወድቅም ሥራ አያጣም።

ጥያቄ፦

ልጄ ስድስት ኪሎ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ወደዚህ ዘርፍ እገባለሁ ብላ ትምህርቷን አቋርጣ ኮዲንግ ልትማር ትላለች። ምን ልምከራት?

አባት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ኮዲንጉን ትማር፣ ሕጉን ግን አታቋርጥ፤ የቀራት አንድ ዓመትና የመውጫ ፈተናው ነው። ከላይ ስማቸውን ከጠራኋቸው ሰዎች አንዳቸውም በፕሮግራም ጸሐፊነት አልታወቁም። በቀራት ጊዜ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ውስጥ ስለ ኪሳራ የተደነገገውን ክፍል ደጋግማ ታንብብ፤ ተማሪዎች የሚዘልሉት ክፍል ነው፣ በዚህ ዘርፍ ግን ሁሉም ነገር በመጨረሻ እዚያ ይደርሳል። በዚያው ዓመት የወጣውን የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ስትይዝ ደግሞ ሰነደ ሙዓለ ንዋይን የሚተረጉመውን አንቀጽ ከሃዊ ፍርድ ጋር ጎን ለጎን አድርጋ ታስተያየው፤ ፍርዱ አጭር ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለገዢ የተላለፈ ዩኤስዲቲ በአቤቱታ ላይ ምን ተብሎ መጠራት እንዳለበት በአማርኛ ሁለት ገጽ ጽፋ በመጽሔቱ አድራሻ ትላክልኝ፤ እኔም ሦስቱ ቃላት የተሰረዙበትን ረቂቄን ቅጂ የደንበኛዬን ስም ሸፍኜ እልክላታለሁ።